ሁሌ መጨረሻው ላይ የሚቆረጥ ዘፈን

የሬዲዮ ሰዎች ምን እንደሚያጣድፋቸው አይገባኝም። «ያለፉት ዘመናት ምርጥ ዘፈኖችን እንጋራ» ብለው ሰው ያስደውላሉ፣ ዘፈኑን ይከፍታሉ፣ ልክ አብረን ማንጎራጎር ስንጀምር ቆርጠው ወሬያቸውን ይለቁብናል። የሌላው ዘፈን ቢቆረጥ ግድ የለኝም። የአክስቴ ሲቆረጥ ግን ደሜ ይፈላል።

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። የተማሪ የደንብ ልብስ በምንሰፋበት ክፍል ውስጥ የእሷ የስፌት መኪና መስኮቱ ሥር ነው፤ እኔ ከጎኗ ቁልፍ እተክላለሁ፣ ሬዲዮው የክር መደርደሪያው ላይ ሆኖ ቀኑን ሙሉ ይለፈልፋል። በወጣትነቷ ግን ከዘፋኝ ኋላ ቆመው ከሚቀበሉት ሴቶች አንዷ ነበረች። ያን ዛሬም ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ሹፌሩ ሳይቀር አንገቱን የሚነቀንቅለትን ዘፈን ሲቀዱ፣ ዘፋኙ መጨረሻው ላይ ድምፁ ተዘጋ። አክስቴ ቀረጻው እንዳይበላሽ ብላ የእሱን ስንኝ ተቀብላ ብቻዋን ጨረሰችው። «ተዉት፣ እንዲያውም እንዲህ ይበልጣል» ተባለ።

ካሴቱ ሲወጣ ሽፋኑ ላይ የጊታር ተጫዋቹ፣ የቀረጸው ሰው፣ ፎቶ ያነሳው ሰውዬ ስም ሳይቀር ሰፍሯል። የእሷ የለም። ለምን ብላ ብትጠይቅ «ውይ፣ ረስተነው!» አሏት። ረስተነው! ሰው ጃንጥላ ነው እንዴ የሚረሳው?

ከዚያ ወዲህ አገባች፣ ወለደች፣ ባሏን ቀበረች፤ መድረክ አካባቢ ድርሽ አላለችም። ነገሩን ስታነሳ የገዛ ልጆቿ እንኳ «እማዬ ደግሞ ጀመራት» እያሉ ይጠቃቀሳሉ። ምን ያድርጉ? መጨረሻውን ሰምተውት አያውቁም። ካሴቱ ድሮ ተበጣጥሷል፣ ሬዲዮው ደግሞ ሁሌ እዚያ ሳይደርስ ይቆርጠዋል።

«አንድ ቀን እስከ መጨረሻው አሰምተው፣ ይቺ እሷ ናት ቢሉልኝ ምናለበት?» ትላለች። ሌላ ምንም አልፈለገችም። በመጨረሻ እኔ ራሴ ሬዲዮ ጣቢያው ደወልኩላትና ስልኩን አቀበልኳት። አብረውን የሚሰፉት ሴቶች ሁሉ መኪናቸውን አቆሙ።

«እናታችን፣ የትኛውን ዘፈን ይመርጣሉ?» አለ አቅራቢው።

ነገረችው።

«ኦሆ! እሱማ የሁላችንም ነው! ለምን ወደዱት?»

«መጨረሻው ላይ ብቻዋን የምትዘፍነው ሴት እኔ ነኝ። ስሜን ሳይጽፉልኝ ቀሩ። እባክህ ልጄ፣ ዛሬ እንኳ አትቁረጠው።»

ሳቀ። ከት ብሎ ሳቀ! «እናታችን ተጫዋች ነዎት! በሉ፣ ስልኩን ሳይዘጉ አብረን እናዳምጥ።»

ዘፈኑ ተከፈተ። አክስቴ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ በሌላው እጇ የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ ትጠብቃለች። ዘፋኙ የመጨረሻውን አዝማች ጨረሰ፣ እሷ የምትገባበት ቦታ ደረሰ፤ ሙዚቃው ቀስ እያለ ወረደና ያ ሰውዬ «ውድ አድማጮቻችን፣ ሰዓታችን እየ...» ሲል ሰማነው።

አክስቴ አላስጨረሰችውም። ከተቆረጠበት ቦታ፣ ያንኑ ከፍታ ይዛ ገባች። ድምፅዋ አርጅቷል፣ ትንሽ ይሰነጠቃል፣ ግን ያው ነው፤ ክፍሉ ውስጥም፣ ከሬዲዮውም ይወጣል። ከመኪናዎቹ ኋላ ያሉት ሴቶች አፋቸውን ያዙ። ስንኙን እስከ መጨረሻው ድረስ ዘፈነችው፣ ማንም አላቋረጣትም። እኔ እንባዬን እየጠረግኩ፣ አሁንስ ገባው፣ አሁን ስሟን ይጠይቃታል ብዬ ጠበቅኩ።

«የሚገርም ነው እናታችን!» አለ። «እንዲህ ዓይነት ድምፅ ይዘው ዝም ብለው ተቀመጡ? ያኔ በወጣትነትዎ ዘፋኝ መሆን ነበረብዎት እኮ!»

«ነበርኩ እኮ!» ብላ ጮኸችበት።

ስልኩን ዘግቶታል።