የባሌ የፓውደር ጣሳ

ባሌ ፀጉር አስተካካይ ነው። ምላጩ ቢያርፍ ምላሱ አያርፍም፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ደንበኛ የመንደሩን ወሬ ሳይጠግብ አይነሳም። ደግሞ ጨው ይወዳል። እንደ እኔና እንደ እናንተ መስሏችሁ እንዳይሆን፤ ሐብሐብ ላይ ሳይቀር የሚነሰንስ ሰው ነው።

አምና እግሩ ሲያብጥ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ዶክተሩ ጺሙን ባሌ ዘንድ የሚላጭ የቆየ ደንበኛ ነው፤ ሲገናኙ ቀልድ ነው ሥራቸው። የዚያን ቀን ግን አልቀለደም።

«ኩላሊቶችህ ደክመዋል። ደም ግፊትህም እያባሰባቸው ነው። ጨው ካልቀነስክ መጨረሻህ ደም ከሚያጣራ ማሽን ጋር መታሰር ነው» አለው።

ባሌ ዝም አለ። እሱ ዝም ሲል ሳይ ነገሩ የምር መሆኑ ገባኝ።

በማግስቱ ጨው ከቤቴ ወጣ፤ የታሸገ ሾርባና ቋሊማም ተከትለውት ወጡ። በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በቁንዶ በርበሬ አበስል ጀመር። ምሳውን ሱቁ ድረስ እወስድለታለሁ። መጀመሪያ ሰሞን ፊቱን አጨማደደ። ቆየት ብሎ ግን «እስቲ ከጎረቤት ቀዝቃዛ ውሃ አምጪልኝ» ብሎ ይልከኛል፣ ስመለስ ሳህኑን እየጠረገ «እጅሽ ይባረክ! ጣት ያስቆረጥማል!» ይለኛል። ማታ ቤት ሲገባ ግን ሁለቴ ጎርሶ «ምሳ ላይ ጠግቤያለሁ» ይላል። እኔ ሞኟ ምን ልጠርጥር? ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ «ዋናው እጅ ነው፣ ጨው ምን ያደርጋል?» እያልኩ ሙያ አስተምር ነበር። አንዷ ብትሞክረው ባሏ ሳህኑን ገፍቶ ወጣ። የእጅ ነገር ነው ብዬ አዘንኩላት።

አንድ ቀን ምሳ ይዤ ስገባ ዶክተሩ ወንበሩ ላይ ነው። ተላጭቶ ጨርሶ የቀረው ፓውደር ብቻ ነበር። ባሌ እኔን ሲያይ ክው አለ። መስታወቱ ሥር አንድ ዓይነት ሁለት የፓውደር ጣሳዎች አሉ፤ አንዱን በጥድፊያ መሳቢያ ውስጥ ከተተና ሌላውን አንስቶ የዶክተሩ አንገት ላይ ነሰነሰ። በመዳፉም አሸት አሸት አደረገለት።

ዶክተሩ ከነፎጣው ዘሎ በሩ ላይ ደረሰ።

«አቃጠልከኝ! ምንድን ነው ያደረግክብኝ?»

አንገቱን ዳበሰ፣ ጣቱን አየ፣ ቀመሰ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወደ ባሌ ዞረ።

«ጨው!»

ጣሳውን ነጥቄ እኔም ቀመስኩ። ለካ ሙያዬ እዚህ ውስጥ ኖሯል! ለካ ውሃ የሚልከኝ ለዚህ ነው!

«አንተ ሰውዬ! አሁን ለጎረቤት ሁሉ ምን ልበል?»

«ቆዪ እህቴ» አለኝ ዶክተሩ፣ አንገቱን በውሃ እያራሰ። ወደ ባሌ ዞሮም «እኔ አንዴ ቢነካኝ መንደሩ እስኪሰማ ጮህኩ። በኩላሊቶችህ ላይ ግን በየቀኑ ትነሰንስባቸዋለህ። እነሱ ደግሞ አፍ የላቸውም» አለው።

 ባሌ ጣሳውን ከእጄ ወስዶ ደጅ ወጣና ደፋው።

አሁን እያየሁት ነው የሚበላው። ማሞገሱን ትቶ «ይበላል» ብቻ ይለኛል። በቀደም የምርመራ ውጤት ተቀበልን፦ አልባሰበትም፣ ባለበት ቆሟል። ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ቆሜ አለቀስኩ።

ዶክተሩም መላጨቱን አልተወም። ግን ፓውደር ሊነሰነስለት ሲል መዳፉን ይዘረጋል፤ ባሌ ቆንጠር አድርጎ ይሰጠዋል፣ ዶክተሩ በምላሱ ጫፍ ነካ አድርጎ «ቀጥል» ይላል። ባሌ ታዲያ «ከሚስቴ ምሳ አይሻልም?» ብሎ ይጠይቀዋል። በሩ ላይ ቆሜ እሰማዋለሁ። ይለፍልፍ። ብቻ እዚህ ሆኖ ይለፍልፍ።