እጅሽን አሳዪኝ

አክስቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ማታ ከሥራ ስገባ እንዴት ዋልሽ ከማለታቸው በፊት «እጅሽን አሳዪኝ» ይሉኝ ነበር። ቃሊቲ ከባድ መኪና ጋራዥ በመካኒክነት የተቀጠርኩት የቀለበት መንገዱ ገና ሲቆፈር ነው፤ ሴት እኔ ብቻ ነበርኩ። እጄ በግሪስ ጠቁሮ ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፤ ንጹሕ ከሆነ ግን ይከፋቸዋል። እሳቸው በክር ፋብሪካ ጽዳት ሠርተው ነው ጡረታ የወጡት። «ማሽን ስወለውል አረጀሁ፤ አንድ ቀን እንኳን አስነሺው ያለኝ የለም» ይሉ ነበር።

አንድ ሰሞን ዋናው መካኒክ ለሻይ ከመላክና ወለል ከማስጠረግ በቀር ሥራ ነፈገኝ። አክስቴ ንጹሕ እጄን ይዘው ቆዩ።

«ዛሬም አላስነኩሽም?»

«መፍቻ ስጡኝ ብዬ ብለምን ዝም አሉኝ፣ እትዬ።»

«ለምን ትለምኛለሽ? አንስተሽ መኪናው ሥር ግቢ። እግርሽን ይዘው ካልጎተቱሽ ማን ያስወጣሻል?»

በማግስቱ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዋናው መካኒክ እግሬ አጠገብ ጥቂት ቆመና «ስትጨርሺ የኋላውን ፍሬን እዪው» ብሎኝ ሄደ።

የዚያን ዕለት ማታ አክስቴ ጆግ አንስተው እጄን አስታጠቡኝ። እንዴት ታላቅ ታናሹን ያስታጥባል ብዬ ብከላከል አልሰሙኝም። ከዚያ ወዲህ ሁሌም የሚያስታጥቡኝ እሳቸው ነበሩ፤ እኔ ራሴ ዋና መካኒክ ከሆንኩም በኋላ።

ከለቅሶው በኋላ ትናንት ሥራ ገባሁ። ማታ ስመለስ እንደ ልማዴ እጄን ዘርግቼ በራፉ ላይ ቆምኩ። ጆጉ ጠዋት እንደሞላሁት ቦታው ላይ ተቀምጧል። ላንሳው ብል፣ ሁለቱም እጄ ግሪስ ነው።