ሦስት ጊዜ የተጫነ አንድ ፕሮግራም

የሥራ ባልደረባዬን ሁላችንም ዝግታ እንላታለን። ቤተሰቦቿ ያወጡላት ስም ሌላ ነው። ይሄንን ያወጣንላት እኛ ነን፤ ድምጿን ከፍ አድርጋ ስለማታውቅ። ሥራዋ ጆሯቸው ለደከመ ሰዎች ከጆሮ ጀርባ የሚንጠለጠለውን ማዳመጫ ማስተካከል ነው። ሰው ሁሉ እየጮኸ የሚያናግራቸውን እሷ ፊት ለፊታቸው ቁጭ ብላ፣ ቀስ እያለች ታናግራቸዋለች። እኔ በክሊኒኩ በር አጠገብ ለታካሚዎች ካርድ አወጣለሁ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ መስታወት ስለሆነ የሚሆነውን ሁሉ አያለሁ።

ማዳመጫው በቀጭን ገመድ ከኮምፒውተሯ ጋር ይገናኛል። የቱ ድምፅ ይጉላ፣ የቱ ይቀነስ የሚለውን የምትወስነው በአንድ ፕሮግራም ነው። ፕሮግራሙ ግን በየጥቂት ዓመቱ ይታደሳል፤ አዲሱ ደግሞ የድሮዎቹን ማዳመጫዎች ጭራሽ አያውቃቸውም።

አንድ ሰኞ ጠዋት የኮምፒውተር ጠጋኛችን አዲሱን ሊጭን መጣ። መሃል ላይ “የቀድሞው ይጥፋ?” የሚል ጥያቄ ሲመጣበት ሳያመነታ እሺ አለ። ዝግታ ከስብሰባ ስትመለስ ስክሪኑ ላይ አንድ አዲስ ምልክት ብቻ አገኘች።

“አሮጌውስ?” አለችው።

“ያው ፕሮግራም ሁለት ጊዜ ምን ያደርግልሻል? አንድ ኮምፒውተር ላይ ሲሆኑ እርስ በርስ ነው የሚጣሉት።”

ቦርሳዋን አስቀምጣ አዲሱን ከፈተችው።

ረቡዕ ዕለት አንድ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ማዳመጫቸው ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተበላሽቶ ተጠግኖ ሲመለስ ለጆሯቸው የተስተካከለለት ልክ ሁሉ ጠፍቶበት ነበር። ዝግታ ገመዱን ሰካች፤ ስክሪኑ “ያልታወቀ መሣሪያ” አለ።

“አባዬ፣ አዲስ እንግዛና እንገላገል” አለች ልጅቷ፣ ጆሯቸው ሥር ጮኻ።

“ሞክሬዋለሁ እኮ። የሰው ድምፅ ከጣሳ ውስጥ ነው የሚወጣው። በዚህኛው የልጅ ልጄ ስታወራ ራሷ ናት።”

ዝግታ ወረቀት ስባ በትልልቅ ፊደል “አንድ ሳምንት ይስጡኝ” ብላ ጻፈችላቸው።

የድሮውን ፕሮግራም ዲስክ ከቁም ሳጥኑ ሥር፣ ከአሮጌ ካርዶች መሃል አወጣነው። ጫነችው፣ ተከፈተ። ደስ ሲለን አዲሱ አልከፈት አለ። ጠጋኙ ተጠርቶ መጣና “ብያችሁ ነበር” አለ። እሷ አልተቆጣችም።

“እንደሚጣሉስ ገባኝ። በምን እንደሚጣሉ አሳየኝ እስቲ።”

ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠ። ለካስ ሁለቱም የደንበኞችን መዝገብ የሚያስቀምጡት አንድ ፎልደር ውስጥ ኖሯል፤ አንዱ የጻፈውን ሌላው ይደመስሰዋል። መልካም ዜናም ነበረ፤ ሰኞ የጠፋው ፕሮግራሙ ብቻ ነው፣ የሰዎቹ መዝገብ እዚያው ነበር።

መጀመሪያ መዝገቡን ሌላ ዲስክ ላይ ገለበጠችው። ቀጥላ ሁሉንም አጥፍታ እንደገና ከአሮጌው ጀመረች። ሁለት ቀን ፈጀባት። ቁም ሳጥኑ ሥር ከዚያም የቆየ ሌላ ስሪት ስለተገኘ፣ ሦስቱንም ስሪቶች ለየብቻ ፎልደር ሰጠቻቸው፤ እያንዳንዱን በወጣበት ዓመት ሰየመችው፤ መዝገባቸውንም ለያየችው። ሁለቱ የቆዩት በራሳቸው እንዳይታደሱ ከለከለቻቸው። ገመዱ ደግሞ በአንድ ጊዜ ለአንዱ ብቻ ስለሚታዘዝ፣ ስክሪኑ ጠርዝ ላይ “አንዱን ሳትዘጊ ሌላውን አትክፈቺ” ብላ ለራሷ ለጠፈች። ይህንን የጻፈችው ሁለቱን አንድ ላይ ከፍታ ግማሽ ቀን ከባከነባት በኋላ ነው።

ሾፌሩ በቀጠሯቸው መጡ። አሮጌው ፕሮግራም ማዳመጫውን ወዲያው ለየው፤ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተመዘገበውም ልክ ከነቀኑ ወጣ። ዝግታ ልኩን መልሳ ጫነችና ማዳመጫውን ከጆሯቸው ጀርባ አደረገችላቸው።

“አባዬ፣ ይሰማሃል?” አለች ልጅቷ፣ እንደለመደችው ጮኻ።

አባቷ ዞር አሉ። “ምን ያስጮህሻል? አጠገብሽ አይደለሁም እንዴ?”

ልጅቷ ሳቀች። ከዚያ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ዝግታም ገመዱን ቀስ ብላ ጠቀለለች።

ወሬው ወጣ። ሌሎች ክሊኒኮች “አይሠራም” ያሏቸው አሮጌ ማዳመጫዎች በፖስታ ሳይቀር ይላኩልን ጀመር። ጠጋኙ አሁን ምንም ነገር ከማጥፋቱ በፊት ስልክ ይደውላል፤ አንድ ቀንም እናቱን ይዞ መጥቶ እንደማንኛውም ሰው ተራ ጠብቋል።

በቅርቡ፣ አሮጌውን ፕሮግራም መቼ እንደምታጠፋው ጠየቅኳት። መዝገቡን ከፍታ ቆጠረች። ማዳመጫቸው በእሱ ብቻ የሚስተካከል አሥራ አራት ሰዎች ቀርተዋል።

“እነሱ መምጣት ሲያቆሙ” አለችኝ። “አንዷ ትናንት ደውላለች። ለሐሙስ ካርድ አውጪላት።”