በለጡ ዝም ያሰኘችው ውሻ

በለጡን የማውቃት በስደት በምንኖርባት የወደብ ከተማ፣ ጋቦዴ በሚባል ሰፈር ውስጥ ከአንድ ፈረንሳዊ ቤት ተቀጥራ ስትኖር ነው። ሰውየው፣ እሷ «ሙሴ» የምትለው፣ ፍርስራሽ ሥር የተቀበረ ሰው እያነፈነፈ የሚያገኝ ውሻ ያሠለጥን ነበር። ውሻው ባንዲ ይባላል፤ ጆሮው የቆመ፣ ሥጋ ካየ የሚስገበገብ፣ ከስንቱ ሰው የሚሻል ፍጡር። ሥልጠናው ያስቃል። በለጡ ከግቢው ጀርባ ከተከመረው ድንጋይና ቆርቆሮ መሀል ገብታ ትደበቃለች፣ ባንዲ ያገኛታል፣ ሙሴ እስኪደርስ ሳያቋርጥ ይጮሃል፤ ከዚያ በጉያዋ የያዘችውን ኳስ ትሰጠዋለች። «በአርባ ዓመቴ ድብብቆሽ ጀመርኩላችሁ» እያለች ታስቀን ነበር። ግን ትወደው ነበር፤ ዕቃ ከማጠብ ይሻለኛል ትላለች።

ያኔ ብዙዎቻችን የመኖሪያ ወረቀት አልነበረንም። አፈሳ ሲመጣ ፖሊስ የፈረንጅ ግቢ ደፍሮ ስለማይገባ፣ እኔና ወርቄ በጓሮ በር ሮጠን በለጡ ዘንድ እንገባለን። ወርቄ የደሴ ልጅ ናት፤ አምቡሊ ወንዝ ዳር ትንሽ ክፍል ተከራይታ ልብስ ትሰፋለች፣ ሳቋ ከስፌት መኪናዋ በላይ ይሰማል። በለጡ ከጄኔሬተሩ ጀርባ ትሸሽገናለች። ችግሩ ባንዲ ነው። የተደበቀ ሰው ሲያገኝ መጮህ ነው የተማረው፤ ይደርስብንና ሰፈሩን ይቀውጠዋል። አንድ ቀን ፖሊሶች ጩኸቱን ሰምተው በሩ ላይ ቆመው አዳመጡ።

ስለዚህ በለጡ በራሷ መላ ሌላ ሥልጠና ጀመረች። ሙሴ ሥራ ሲሄድ እኔንና ወርቄን ትደብቅና ባንዲን ትለቀዋለች። ከጮኸ ምንም የለም። ዝም ብሎ ከተኛ የበግ ሥጋ አለ። በሁለት ወር ውስጥ ውሻው እኛን ሁለታችንን ባገኘ ቁጥር ለሽ ብሎ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ ሥጋውን የሚጠብቅ ሆነ። ሌላ ሰው ሲያገኝ ግን እንደ ድሮው ይጮሃል፤ ሙሴም ምንም አልጠረጠረም። እኛማ ኮራንባት፤ «ፈረንጁን አስከነዳሽው» አልናት።

በፈረንጆቹ 2004 ሚያዝያ ላይ የአምቡሊ ወንዝ ሞልቶ በወርቄ ሰፈር ስንቱን ቤት አፈረሰው። ሙሴ ባንዲን ይዞ፣ በለጡንም ታስተረጉምልኛለች ብሎ አስከትሎ መጣ። እኔ ወርቄን ፍለጋ ከማለዳ ጀምሮ እዚያው ጭቃ ውስጥ ነበርኩ። ባንዲ አንድ ቦታ ጮኸ፤ ቆፈሩ፤ አንድ ሽማግሌ በሕይወት ወጡ፤ ሰዉ አጨበጨበ። ቀጥሎ አንድ የወደቀ ግድግዳ ላይ ወጥቶ አነፈነፈ፣ ዞር ዞር አለና ለሽ ብሎ ተኛ። ጅራቱን ይቆላል። ዓይኑ በለጡ ላይ ነው።

«ደክሞታል» አለ ሙሴ። ውሃ አጠጥቶ ወደ ሌላ መንገድ ወሰደው።

በለጡ ገብቷታል። ፊቷ አመድ መሰለ። ግን ምን ብላ ትናገር? ውሻህን አበላሽቼብሃለሁ፣ ግቢህ ውስጥ ሰው እደብቅ ነበር ልትለው ነው፤ ያውም ሁለት ፖሊሶች አጠገቧ ቆመው። እውነትም ደክሞት ይሆናል ብላ ራሷን አታለለች። ይህ የሆነው ከረፋዱ አምስት ሰዓት ላይ ነው። አላስችል ብሏት «ሙሴ፣ እዚያ ሰው አለ፣ ቆፍሩ» ብላ እግሩ ላይ ስትወድቅ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቆፈሩ። ወርቄ ነበረች። ሐኪሙ ከሞተች አንድ ሰዓት ቢሆናት ነው አለ።

ሙሴ ክፉ ቃል አልተናገራትም፤ እሷን ይበልጥ ያቃጠላት ይኸው ነው። በዓመቱ ባንዲን ይዞ አገሩ ገባ። በለጡ ዋራበሌ የሚባል ሰፈር ክፍል ተከራይታ፣ በየሰው ቤት ልብስ እያጠበች አሥር ዓመት ገፋች። አቅሟ ሲደክም፣ ከወደብ ጭነት የሚያመላልስ የአገሯ ልጅ በመኪናው ወደ አገር ቤት ሊወስዳት ተስማማ። ልሸኛት ሄድኩ። እጄን ይዛ «ውሻው ሲተኛ የገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ» አለችኝ። «እኔ ብናገር ኖሮ ወርቄ ትተርፍ ነበር። ገደልኳት እኮ፣ እህቴ።»

እኔ ያን ቀን ከእሷ አሥር እርምጃ ያህል ራቅ ብዬ ቆሜ ነበር። ባንዲ ሲተኛ አይቻለሁ። ወርቄ ከሥሩ እንዳለች ያን ጊዜውኑ አውቄያለሁ። ፖሊሶቹን ሳይ ግን ፊቴን በሻሼ ሸፍኜ ወደ ኋላ አፈገፈግኩ፤ በለጡ ብትዘገይም ተናግራለች፣ እኔ ጨርሶ አልተናገርኩም። ይህን አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ደበቅኳት። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቃት እንኳ «አይዞሽ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብዬ ሳምኳትና ሸኘኋት።