የእህቴ ማዕበል፣ የእኔ ወፍ

እኔና ታናሽ እህቴ አዲስ አበባ ተወልደን፣ ባሕር በሌለው ስዊዘርላንድ የባሕር እንጀራ የምንበላ ነን። እሷ ጄኔቫ ሆና የባሕር ጠረፍ አየር ትንበያ ትሠራለች። እኔ ዙሪክ፣ በአንድ ሙዚየም ወርክሾፕ ውስጥ፣ ቅሪተ አካል ከድንጋይ አላቅቃለሁ። እናታችን ካረፈች ወዲህ አባታችን የሚኖረው እህቴ ዘንድ ነው። ቅናቴም የባሰው ከዚያ ወዲህ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ይደውልልኛል።

"እህትሽ ያስጠነቀቀችው ማዕበል ደረሰ እኮ! ጀልባዎቹ ግን ቀድመው ወደብ ገብተው ነበር። ስንት ነፍስ ተረፈ!"

"እግዚአብሔር ይመስገን" እላለሁ፣ ጥርሴን ነክሼ። እሷ የሰው ነፍስ ታድናለች፤ እኔ የሞተ ወፍ ላይ ተደፍቼ እውላለሁ።

ያኔ በእጄ የነበረችው ጥርስ ያላት ጥንታዊ የባሕር ወፍ ነበረች። በረዶው መጥቶ እስኪሄድ ድረስ በአጉሊ መነጽር ሥር ድንጋዩን በመርፌ ስፍቅላት ከረምኩ። የክንፏ አጥንት እንደ ገለባ የቀጠነ ነው፤ ትንፋሼን ውጬ ነው ያወጣኋት። ለሕዝብ የምትታይበት ቀን ሲደርስ ሁለቱንም ጠራኋቸው። አባዬ እኔንም አንድ ቀን ይይልኝ ብዬ።

የሙዚየሙ ዋና ተመራማሪ ይህችና ሌሎች ወፎች አንድ ላይ ተከማችተው የተገኙት ማዕበል ጠረፍ ላይ ጥሏቸው ሳይሆን እንደማይቀር አስረዳ። አንድ እንግዳ፣ "የባሕር ወፍ ማዕበል እንዴት ይገድለዋል?" ሲል ጠየቀ። ተመራማሪው ሲያመነታ እህቴ እጇን አወጣች።

"ነፋሱ ቀናት ከቆየ ዓሣ ማጥመድ አይችሉም። ይራባሉ፣ ይደክማሉ፤ ከዚያ ነፋሱ ወደ ዳርቻ ይገፋቸዋል። ዛሬም ይደርሳል" አለች፣ በዚያ በሚያምር ፈረንሳይኛዋ።

ሰው ሁሉ ዞረ። ወደ ፊት ጠርተው ወፌ አጠገብ አቁመው ፎቶ አነሷት። አባዬ ዓይኑ እንባ አቅርሯል። እኔ ካፖርት መስቀያው ጥግ ቆሜ አያቸዋለሁ።

ማታ አልትሽቴተን በሚባለው የዙሪክ ሰፈር፣ እኔ ቤት፣ ራት አቅርቤ ከእነሱ ጋር ሳልቀመጥ ወጥ ቤት ገባሁ። ተከትላኝ መጣች።

"እታለም፣ ምን ሆነሻል?"

"ቀናሁ! ወፏ የእኔ ነበረች። እሷንም ወሰድሽብኝ።"

ትቆጣለች ስል ወንበር ስባ ተቀመጠች።

"አንቺ ትቀኛለሽ? አባዬ ለጓደኞቹ የሚያሳየው አንቺ የላክሽልንን የወፏን ፎቶ ነው። 'ትልቋ ልጄ ከድንጋይ ውስጥ ሕይወት ታወጣለች' ይላል። የእኔን ሥራ ሲጠይቁት 'እሷማ ዝናብ ትጠብቃለች' ነው መልሱ።"

ሳልወድ ሳቄ አመለጠኝ። አባዬ ከሳሎን፣ "ምንድን ነው የሚያስቃችሁ?" አለ። ተያይዘን ወደ እሱ ሄድን።

በማግስቱ ባቡራቸው ሳይደርስ ወርክሾፑን አሳየኋቸው። እህቴ አንድ ያልተነካ ድንጋይ አይታ፣ "ልሞክር" አለች። መርፌውን ሰጠኋት። ጥቂት ፍቃ የእጇን አንጓ እያሻሸች ተወችው። "ይህን እንዴት ነው ቀኑን ሙሉ የምትችይው?"

ክፉ ደስታ ነው፣ አውቃለሁ። ግን አባዬ ጥያቄዋን ሰምቶ ወደ እኔ ሲዞር ደስ አለኝ።