ውኃውን ያደፈረሰው እግር

ስመኝ የደወለችልኝ ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ሳጠልቅ ነበር። እንደኔው የሮብ ገበያ ልጅ ናት፤ እስከ ስምንተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠን ተምረናል። እኔ ድሬዳዋ ከገባሁ ወዲህ የአገሬን ወሬ የምሰማው በሷ አፍ ነው። የዝናቡን፣ የሰርጉን፣ የሞተውን ሁሉ ነግራኝ ስታበቃ፣ «የሻረግስ አትይኝም?» አለች።

«የትኛዋ የሻረግ?»

«ያቺ ውኃውን ያደፈረሰችው፣ እግረ ወፍራሟ። አሁን ጤና ጣቢያ ገብታ እግር አስተጣጠብ ታስተምራለች። የሷም እብጠት ጎድሎ እንደ ሰው እግር ሆኗል አሉ። አየሽ የእግዜርን ሥራ? ያስጠየፈችን እሷ፣ አስተማሪዋም እሷ» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅሁም። ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም፤ ሰው ግን ዛሬም በዚያ ቀን ነው የሚጠራት።

ልጅ እያለሁ እግሬ ጠባሳ ብቻ ነበር። ቁንጫ ሲነክሰኝ አካለሁ፣ ሳክክ ይቆስላል፣ ሲደርቅ ቅርፊቱን በጥፍሬ እልጠዋለሁ። ከቁርጭምጭሚቴ እስከ ጉልበቴ ክብ ክብ ጥቁር ምልክት ሞልቶት ነበር። የትምህርት ቤት ቀሚሳችን ደግሞ አጭር ነው። በበሩ ስገባ ወንዶቹ «ነብሪት መጣች፣ ፍየል ያላችሁ እሰሩ» ይላሉ። እናቴ ሳለቅስ ስታየኝ «ጠባሳ የሌለው እግር ከደጁ ያልወጣ እግር ነው» ትለኝ ነበር። እኔ ግን ያልወጣውን እግር ነበር የምመኘው።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ ሁዳዴው ሊፈታ ሲል፣ የአክስቴ ልጅ ትዕግስት ከደብረ ማርቆስ መጣች። የሴቶች ፀጉር ቤት ውስጥ ሙሽራ ታስጌጥ ነበር። ከሻንጣዋ ግማሽ የቀረ የቅባት ጠርሙስ አወጣችና «ሙሽሮችን እስከ እግራቸው የምንቀባው ነው። አንድ ጠባሳ አያሳይም፤ ውኃ እንኳ አይነካውም ይላል ጽሑፉ» አለችኝ።

በሕማማት እንኳን መቀባባት መሳሳምም እንደሌለ አሳምሬ አውቅ ነበር። ነገር ግን ጸሎተ ሐሙስ ደርሷል፤ ካህኑ የሁላችንንም እግር ያጥባሉ፤ የክፍሌ ልጆች በሙሉ እዚያው ናቸው። ካህኑ ጣቶቼን ብቻ አርከፍክፈው የሚያልፉኝ መሰለኝ። ሐሙስ ጠዋት ጓዳ ተደብቄ ሁለቱንም ባቴን ለቀለቅሁት። ሽታው የበሰበሰ ሙዝና የተቃጠለ ፕላስቲክ ባንድ ላይ ነበር። ሲቀቡት ይቀዘቅዛል፣ ሲደርቅ እንደ ሊጥ ጨምድዶ ይይዛል፤ ጉልበቴን ባጠፍሁ ቁጥር ስንጥቅ ስንጥቅ ይላል። መልኩም የኔ አልነበረም፤ የሌላ ሰው እግር የተገጠመልኝ ይመስል ነበር። ያም ሆኖ ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

በሴቶች በኩል ተሰልፈናል። ሽማግሌው ቄስ ዝቅተኛ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከፊታቸው ትልቅ ሳፋ፣ በእጃቸው የወይራ ቅጠል። ዓይናቸው ደከም ብሏል። ተራዬ ሲደርስ እግሬን በሁለት እጃቸው ያዙና ከጣቴ ጀምረው እስከ ባቴ በቅጠሉ ፈተጉት። ቁልቁል ሳይ ሳፋው ደፍርሷል። ቡናማ ሆኖ ላዩ ላይ ቅባት ተንሳፍፏል፤ የተቀረፈ ቆዳ የመሰለ ፍርፋሪም ይዞራል። «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። ቀሚሴን ወደ ታች ጎትቼ ወደ ጎን ዘለልሁ።

ከኋላዬ የነበረችው የሻረግ ናት። በሁለት ዓመት ብትበልጠኝም የክፍሌ ልጅ ናት። ግራ እግሯ እስከ ጉልበቷ አብጦ ቆዳው ጓጉሏል፤ ሁልጊዜ በጨርቅ ጠቅልላው ትውል ነበር። ያን ቀን እናቷ ለበረከት ብለው ለምነው ነው ጨርቁን ያስፈቷት። ገና እግሯን ሳፋው ላይ ስታደርግ ከኋላ ያለች ሴት «ኧረ በእመብርሃን፣ ውኃውን እዩት» አለች።

«መግል ነው።»

«እግሯ እየፈረሰ ነው እኮ።»

ሴቶቹ በነጠላቸው አፍንጫቸውን ሸፈኑ። አንዷ ዞር ብላ ተፋች። የሻረግ እግሯን ሰብስባ «የኔ አይደለም፤ ሳልነካውም እንዲህ ነበር» አለች። ጎረቤታችን እትዬ ውዴ ወደኔ ዞሩ። «አንቺ ልጅ፣ ከፊቷ የታጠብሽው አንቺ ነሽ። ውኃው እንዲህ ነበር?»

«ንጹሕ ነበር» አልኩ።

ከታጠበው እግሬ ውኃው ገና ይንጠባጠብ ነበር።

ቄሱ «ዝም በሉ፣ ሕማማት ነው። ነይ ልጄ፣ እግርሽን መልሺ» ቢሉም የሻረግ ጨርቋን በእጇ ይዛ ሄደች። በአጠገቤ ስታልፍ ቀሚሴ ጫፍ ላይ የተነካካውን ቀለም አየችው። ቀና ብላ እኔንም አየችኝ። ያየችውን ለማንም አልተናገረችም።

ቤት ገብቼ የቀረውን በአመድ ፈገፈግሁት። ጥፍሬ ሥር ገብቶ አልወጣ አለ። በማግስቱ ስቅለት ጴጥሮስ የካደበት ሲነበብ ጆሮዬን በነጠላዬ ደፈንሁ። ከፋሲካ በኋላ ትምህርት ሲጀመር የሻረግ ቦታ ባዶ ነበር። «የዘር ነው፣ አትጠጓት» ይሉ ነበር ትልልቆቹ። በባዶ እግር ቀይ አፈር ከመርገጥ የሚመጣ እንደሆነ ያኔ የነገረን አልነበረም።

ዛሬ እኔ ባለሁበት ከተማ ያ ቅባት በየሱቁ ሞልቷል። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ ያለች ልጅ ከምሳ በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብታ ባቷን ታድሳለች። በእሷ አልፈርድም፤ ነገር ግን ሽታው ሲመጣ ትቼ እወጣለሁ፤ የሚሰማኝ «ንጹሕ ነበር» ያለው የራሴ ድምፅ ነው። ያ ሁሉ ጠባሳዬ ደግሞ አሥረኛ ክፍል ሳልደርስ በራሱ ጊዜ ጠፋ። የሻረግ ላይ የለጠፍሁት ስም ግን አልጠፋም።

ለስመኝ በዚያው ስልክ እውነቱን ነገርኋት። «ተይው አሁን፣ ልጅ ነበርሽ» አለችኝ። ልጅ ነበርሁ፤ የሻረግም ልጅ ነበረች። ለንስሐ አባቴ ከተናዘዝሁ ቆይቷል። ቀኖና ሰጥተውኝ ሲያበቁ «ለኔ ነገርሽኝ፤ ለእሷስ?» ብለውኝ ነበር፤ ስፈራ ይህን ሁሉ ዓመት አሳለፍሁ።

ለመጪው ፋሲካ ሮብ ገበያ እመጣለሁ። ደጇ ስቆም ብትምረኝም ብታባርረኝም የሷ ፈንታ ነው። ይህን የምታነቡ፣ ያን ሐሙስ ከኔና ከሷ ኋላ ተሰልፋችሁ የነበራችሁ እናቶችና እህቶች፣ እኔ እስክደርስ ግን አትጠብቁኝ። ጤና ጣቢያው ደጃፍ ስታገኟት ሰላም በሏት። ልጆቻችሁ በዚያ በክፉ ስም ሲጠሯት ከሰማችሁ «የሻረግ ነው ስሟ» በሏቸው። ውኃው ታዲያ የማን ነበር ብለው ከጠየቁ የኔን ስም ስጧቸው።