የአራተኛው ችሎት ታዳሚ

በሠፈሩ ሰው ሁሉ ጎምዛዛው ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት የገዛ አክስቱ ናት። ገና ልጅ ሳለ እንግዳ የሰጠውን ከረሜላ ቀምሶ «ስኳር ይጎድለዋል» ብሎ ከመለሰበት ቀን ጀምሮ ሌላ ስም አልፈለገችለትም። አድጎ የሲኒማ ቤት ፊልም አጫዋች ሆነ። ለጠባዩ የሚስማማ ሥራ ነበር። ከአዳራሹ በላይ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጦ፣ በትንሿ መስኮት ቁልቁል እያየ፣ ሰው በጨለማ ሲያለቅስና ሲስቅ ይታዘባል። የሚያለቅሱትን ይንቃል፤ የሞተው ተዋናይ በሚቀጥለው ትርዒት ተነሥቶ እንደሚመጣ እያወቁ ያለቅሳሉና። የሚስቁትን ግን የባሰ ይንቃል፤ ቀልዱ ሳያልቅ ይስቃሉ።

ሥራው ከምሳ በኋላ ስለሚጀምር ጠዋቱ የራሱ ነው። ጠዋቱን ምን እንደሚያደርግበት ለብዙ ዓመት ማንም አያውቅም ነበር፤ ሚስቱም ጭምር። እሷ የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ኃላፊ ስለሆነች ጎህ ሳይቀድ ትወጣለች። ፈረቃዋ ወደ ከሰዓት ሲዞር ግን ጉዱን አየች። ባሏ በፒጃማ መስኮቱ ላይ ቆሞ አላፊ አግዳሚውን ያማል።

«ያቺን እያት፤ ነጭ አንሶላ ከቀይ ካልሲ ጋር አጥባ፣ ሳታፍር ደግሞ አደባባይ ታሰጣዋለች። ያ ደግሞ መኪና ሲያቆም እዪው፤ እንደ ተኳረፈ ባል ጀርባውን ሰጥቶ።»

ሚስቱ ጥቂት ቀን ታገሠች።

«አንተ ሰውዬ» አለችው በመጨረሻ፣ «ስንቱ ነፃ ጠዋት ተመኝቶ ያጣል። ወይ ደስ የሚልህን ሥራበት፣ ወይ የሚጠቅምህን ሥራበት፣ አለዚያ ከመስኮቴ ዞር በልልኝ።»

ቀጥላም ለወንድሟ ደወለች። ወንድሟ የኢንሹራንስ ሻጭ ነው፤ ንጋትን እሱ የፈጠራት ይመስል ስለ ማለዳ መነሣት ሲሰብክ የሚውል ዓይነት ሰው። በማግሥቱ ቱታውን ለብሶ ከች አለና ጎምዛዛውን እየጎተተ መናፈሻ ወሰደው። እዚያ ቦርጫቸውን ያስቀደሙ ሰዎች ክብ ሠርተው ቆመዋል። ጎንበስ ብለው የእግራቸውን ጣት ለመንካት ይታገላሉ፤ ጣታቸው በቦታው መኖሩን ከተጠራጠሩ ቆይተዋል። አሠልጣኙ «አየሩን ወደ ውስጥ ሳቡት፣ ጭንቀቱን ወደ ውጭ አውጡት» ይላል።

«ይኼ ሁሉ ሰው ጭንቀቱን እዚህ የሚያወጣው ከሆነማ እኔ የማንን ነው የምስበው?» አለ ጎምዛዛው፣ ሁሉም እየሰማ።

አማቹ ከዚያ ወዲያ አልመጣለትም። ሚስቱ ግን ተስፋ አልቆረጠችም፤ ሥዕል መማሪያ አስመዘገበችው። በአንድ አዳራሽ ጡረተኞችና ባሎቻቸው የሰለቿቸው ሚስቶች ተሰብስበው አንድ እንስራ ይሥላሉ። ጎምዛዛው በየሰሌዳው እየዞረ አየና፣ እንስራው አፍ ቢኖረው ሁሉንም በስም ማጥፋት ይከስ ነበር ብሎ ወጣ። የራሱን ግን ለማንም አላሳየም፤ ዱባ ነበር የመሰለው።

ሲወጣ ዶፍ ያዘው። ሮጦ የተጠለለበት ትልቅ በር የፍርድ ቤት ሆኖ ተገኘ። ኮሪደሩ ይነፍሳል፣ አራተኛው ችሎት በሩ ተከፍቷል፣ ውስጡ ይሞቃል። ገብቶ የኋላው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አለ።

አንድ ወንድምና እህት አባታቸው በተዉት የግድግዳ ሰዓት ተካሰው ነበር። ወንድሙ «አባቴ ሲያጣጥር ለአንተ ነው ብሎኛል» አለ። እህቲቱ «አባቴ ሲያጣጥር አንተ የት ነበርክና» አለች። ዳኛዋ ሰዓቱ ይሠራ እንደሆነ ጠየቁ። ሁለቱ ተያዩ። ቆሞ ከቀረ ዘመን አልፎታል።

ጎምዛዛው ዝናቡ ማባራቱን እንኳ አላወቀም። ዕድሜ ልኩን የተለበጠ ልቅሶ ሲያሳይ የኖረ ሰው፣ እዚህ ሰው በእውነት ሲዋረድ አየ፤ ያውም በነፃ፣ በወንበር ላይ ተቀምጦ። ከዚያች ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ተላጭቶ፣ ኮት ለብሶ ወደ አራተኛው ችሎት ይሄዳል። ለምሳ ሲመለስ የችሎቱን ውሎ ለሚስቱ ያወራላታል፦ ምላሱ የተሳሰረውን ጠበቃ፣ ባሏን «ተከሳሽ» ማለት አቅቷት «አያ» የምትለውን ከሳሽ፣ የጎረቤቱን ዶሮ ሰርቆ «ራሷ ናት የተከተለችኝ» ያለውን። ሚስቱም ሰው በመከራው አይሳቅበትም እያለች ትስቃለች። ከመስኮቷ ላይ ወርዶላታልና የቀረው አላሳሰባትም።

በዚያ አግዳሚ ወንበር ላይ ከእሱ በፊት የከተሙ አንዲት ሴትዮ ነበሩ፤ ጡረታ የወጡ አዋላጅ። ሹራብ እየሠሩ ያዳምጣሉ። ምስክር ሲዋሽ መርፌዎቹ ቀጥ ይላሉ። አንድም ቀን አልሳቱም። ጎምዛዛው በሕይወቱ ያልናቀው ሰው ቢኖር እሳቸው ናቸው።

«እንዴት ያውቁታል?» አላቸው አንድ ቀን።

«ውሸት የያዘው ሰው ከመናገሩ በፊት ትንፋሹን ይሰበስባል። ምጥ የያዛት ሴት እንዴት እንደምትሰበስብ ሳይ ነው የኖርኩት።»

«እነዚህ ግን ከምጡ በኋላ አይጥ ነው የሚወልዱት» አለ እየሳቀ።

እሳቸው አልሳቁም። «እኔ እዚህ የምመጣው ቤቴ ድምፅ ስለሌለው ነው» አሉ፤ ሹራባቸውንም ቀጠሉ።

አንድ ማለዳ ችሎቱ እስኪጀመር ኮሪደር ላይ ቆሞ ሳለ ሽቶ ሽቶ የሚል ሰው ጠጋ አለው። የቤት ዕቃ ነጋዴ ነው።

«ጋሼ፣ ሁልጊዜ እዚህ አይዎታለሁ። ለማን ነው የሚመሰክሩት?»

«ለማንም።»

«እንግዲያው ዛሬ ሥራ የለዎትም ማለት ነዋ።»

ነገሩ ሲገባው ደሙ ፈላ። የተናደደው ግን ለሐሰት በመታጨቱ አልነበረም። ከፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ተደርድረው ከሚቆሙት፣ ሸሚዛቸውን እስከ ጉሮሮ ከሚቆልፉት፣ አንዲት ውሸት እንኳ ቀጥ አድርገው መናገር ከማይሆንላቸው የኪራይ ምስክሮች መካከል በመቆጠሩ ነው። ሰድቦ ሊያባርረው አፉን ከፍቶ፣ በዚያው አፍ «ለመሆኑ ታሪኩ ምንድን ነው?» ብሎ ጠየቀው። ማወቅ ያምረዋል።

ነጋዴው አንድ ሱቅ አከራይቷል፤ ተከራይዋ ልብስ ሰፊ ናት። ውሏ ገና አላለቀም፤ እሱ ግን ሱቁን ለራሱ ፈልጎታል። እናም «በገዛ አፏ እለቃለሁ ስትል ሰምቻለሁ» የሚል ሰው ያስፈልገዋል። ምስክሩ በመንገድ ሲያልፍ ሰማ ይባላል።

«ሲያልፍ?» አለ ጎምዛዛው። «ሲያልፍ ይኼን ሁሉ ከሰማ ሰውየው ኤሊ ነው።»

«ታዲያ እንዴት ይባል?»

እዚህ ላይ አፉን ዘግቶ መሄድ ነበረበት። ነገር ግን ስንት ጠዋት ሙሉ የተበላሸ ድርሰት ሲሰማ አንጀቱ ያረረ ሰው ነው፤ ምላሱን በላው። «ወንበር ሊያስጠግን እርስዎ ዘንድ መጣ ይበሉ» አለው። «አንድ እግሩ የተሰበረ ወንበር። ሲጠብቅ እሷ መቀሷን እንደያዘች ገባች። ‹ክረምቱ ሲወጣ እወጣለሁ› አለች፤ በቃ፣ ሌላ ቃል አይጨምር። ቀኑን ሲጠይቁት አላስታውስም ይበል። እውነተኛ ሰው ሁልጊዜ የሚረሳው ነገር አለው፤ ሁሉን የሚያስታውስ ውሸታም ብቻ ነው።»

ነጋዴው አፉን ከፍቶ ሰማው። ጭራሽ እሱ ራሱ እንዲመሰክር ለመነው፤ ባለ ሦስት በር ቁም ሳጥን እሰጥዎታለሁ አለው።

«የእርስዎን ቁም ሳጥን አውቀዋለሁ፤ በሩ ሲዘጋ ጀርባው ይወልቃል» ብሎት ሄደ። አልመሰከረም፣ አልተቀበለም፤ ስለዚህ እጁ ንጹሕ ነው። እንዲያ ብሎ ራሱን አሳመነ።

የነጋዴው ቀጠሮ ሲደርስ ግን ከሁሉ ቀድሞ ቦታውን ያዘ። ልብስ ሰፊዋ ከፊት ተቀምጣለች፤ አጭር፣ መነጽር ያደረገች፣ አንገትጌዋ ላይ የስፌት መርፌ እንደተሰካ የመጣች ሴት። ጎምዛዛው በደንብ አላያትም። ዓይኑ ምስክሩ ላይ ነው።

ምስክሩ ከረባት አሥሯል። ጀመረ። ወንበሩ መጣ፣ መቀሱ መጣ፣ ክረምቱ ቦታው ላይ ገባ። ዳኛዋ ብዕራቸውን አንሥተው ጻፉ። የሹራቡ መርፌዎች አልቆሙም። «ይኼስ እውነቱን ነው» አሉ አዋላጇ በሹክሹክታ፤ የጎምዛዛው ልብ በኩራት ተነፋ። እሳቸውን አሳምኗል።

ከዚያ የሴትዮዋ ጠበቃ ተነሥቶ ቀኑን ጠየቀ። ምስክሩ ቀኑን ተናገረ። ሰዓቱንም ጨመረ። የቀሚሷን ቀለም፣ ስትናገር እንባዋ መውረዱን፣ ውጭ ውሻ መጮኹን አከለበት። ጎምዛዛው እንደ ቁርጥማት በሽተኛ ወንበሩ ላይ ይገላበጥ ጀመር።

«ያመጡት ወንበር ምኑ ነበር የተሰበረው?» አለ ጠበቃው።

«እግሩ።»

«የቱ እግሩ?»

«አራቱም» አለ ምስክሩ በልበ ሙሉነት።

«አንዱ ነው!» የሚል ድምፅ ከኋላ ተሰማ። «አንዱ እግሩ ብቻ ነው፣ አንተ ደንቆሮ!»

ጎምዛዛው የተናገረው ማን እንደሆነ ያወቀው ሁሉም ዞሮ እሱን ሲያይ ነው። ቆሞ ነበር።

«የኋላው ሰውዬ» አሉ ዳኛዋ ድምፃቸውን ሳያነሡ፣ «ወንበሩን ያውቁታል?»

መዋሸት ይችል ነበር። ነገር ግን ከራሱ ውሸት ሌላ ውሸት አልመጣለትም፤ እሱም እዚያ ፊት ለፊት ተበላሽቶ ቆሟል።

«ወንበር የለም፣ ክብርት ዳኛ» አለ።

ቀሪውን አንድ በአንድ አስተፉት። ምስክሩ በሐሰት ምስክርነት ታሠረ፤ ነጋዴውም ተከተለው፤ ክሱ ተዘጋና ልብስ ሰፊዋ ሱቋ ላይ ቀረች። ጎምዛዛው ችሎት በመድፈርና ሐሰት በማቀነባበር ጥቂት ቀን ታሥሮ እንዲወጣ፣ ከዚያ ወዲያም ያለ ጉዳይ በዚያ በር እንዳይገባ ተወሰነበት። ፖሊሱ ይዞት ሲወጣ አዋላጇን ኮሪደር ላይ አገኛቸው። ፈገግ አለላቸው። እሳቸው ክሩን ወደ ዘንቢላቸው እየሰበሰቡ ነበር።

«እዚህ ስንት ውሸታም አይቻለሁ» አሉት። «ሁሉም የቸገረው ነበር። አንተ ግን ለጨዋታ።»

እሱ ሰው የሚያይበትን ዓይን ታውቁታላችሁ፤ በዚያው ዓይን አይተውት አለፉ።

ከእሥር ሲወጣ ሚስቱ ምሳ አቀረበችለትና ከፊቱ ተቀመጠች። «‹ሥራ የፈታ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል› ሲሉ ተረት ይመስለኝ ነበር» አለች። «ነገ ጠዋት ሄደህ ሴትዮዋን ይቅርታ ትጠይቃለህ። መስኮቱን ደግሞ መጋረጃ አድርጌበታለሁ።»

ሄደ። ነገሩን ባጭሩ ጨርሶ፣ ምናልባትም ክሱን ያፈረሰው እሱ ነውና ተመስግኖ የሚመለስ መስሎት ነበር። ልብስ ሰፊዋ ከስፌት መኪናዋ ቀና አላለችም።

«ሰፊውም እርስዎ፣ ቀዳጁም እርስዎ» አለችው። «ታዲያ የቱን ላመስግንልዎ?»

ጎምዛዛው ለመውጣት ወደ በሩ ዞረ።

«ጠዋት ጠዋት ሥራ የለዎትም ሲሉ ሰምቻለሁ» አለች፣ ዳር ላይ የተከመሩ አሮጌ ኮቶችን በአገጯ እያመለከተች። «ገበራቸው መፈታት አለበት። ምላጩ ያውልዎ። ጨርቁን እንዳይነኩብኝ።»

ተቀመጠ። የመጀመሪያውን ኮት ብብቱ ላይ ቀደደው። ልብስ ሰፊዋ አነሣችው፣ ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው፣ ከመነጽሯ በላይ ደግሞ እሱን አየችው፣ ሁለቱን እያወዳደረች የትኛው ይበልጥ እንደማይረባ የምትመዝን ይመስል። ሌላ ወረወረችለት። ያንን ሲጨርስ «ዐይነ ስውሯ እናቴ ከዚህ ትፈጥናለች» አለች። በሁለተኛው ቀን እሷ የሰፋችው እጅጌ ትንሽ መጣመሙን አየና ሊናገር ከጀለ፤ ቀና ስትል ዋጠው።

«ጠዋትህ እንዴት ነበር?» አለችው ሚስቱ በምሳ ሰዓት።

«ምን ጠዋት አለ» አለ በምሬት። «ሴትዮዋ ሰው አትቆጥርም። አፍንጫዋን ነፍታ ተቀምጣ ሁሉን ታቃልላለች። እንዲህ ያለ ሰው በሕይወቴ አላየሁም።»

ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ጠረጴዛውን ይዛ እስኪያማት ሳቀች። ምን እንዳሳቃት አልገባውም። በማግሥቱ ግን ከወትሮው ቀደም ብሎ ተላጨና ወጣ፤ ያልተፈቱ ሦስት ኮቶች ይቀሩታል፣ ካልጨረሰ ደግሞ ምን እንደምትለው ከወዲሁ ያውቃል።